የተከፈለበት ጥርስ

«ባለፈው ወር ጨርሼ ከፍዬ የለም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ ከግድግዳው ወዲያ። ግድግዳ ይባል እንጂ ስስ ጣውላ ነው፤ ሳል ቀርቶ ሹክሹክታ አያግድም። ጥርስ ሠሪው ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ከፍለዋል እማማ፣ መች ካድኩ? ዕቃው ነው የጨመረው። እኔ ከኪሴ ላምጣ?» አላት። ከዚያ የቦርሳ መክፈቻ ጠቅ አለ፣ ብር ተንኮሻኮሸ፣ መሳቢያ ተከፍቶ ተዘጋ። ሴትዮዋ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወጣች፤ አዲስ ጥርስ አፏ ውስጥ እያለ አሁንም መሸፈኑን አልተወችም። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት አምስት ሰዎች ሁሉንም ሰምተዋል፤ አንዱም ግን ቀና ብሎ አላያትም። ጥርስ የሌለው ሰው መቼም ለወሬ አይቸኩልም። ሁሉም እጁን አፉ ላይ እንዳደረገ ወለል ወለሉን ያያል፣ ሰው ያላየው እየመሰለው ኪሱን ይዳብሳል።

ከአምስቱ አንዱ ጋሽ ቀርቧል ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩ፣ ወደ ውስጥ ዞረውም «ከሳሽ ቀርቧል፣ ተከሳሽ አልቀረበም» ሲሉ ስለኖሩ፣ ከዳኛ እስከ ጽዳት ሠራተኛ በዚሁ ጠርቷቸው ቀረ፤ ጡረታ ሲወጡም ስሙ አብሯቸው ወጣ። ያን ጊዜ ድምፃቸው ሦስት ፎቅ ወርዶ ግቢ ውስጥ የሚያንቀላፋ ባለጉዳይ ይቀሰቅስ ነበር። አሁን ድዳቸው ታሞ ጥርሳቸው አንድ ሳይቀር ከተነቀለ ሰባት ወሩ ነው። በእነዚህ ሰባት ወራት ከሰው ጋር የተነጋገሩት ቢደመር አንድ ገጽ አይሞላም። «ስ» ሲሉ ንፋስ ይወጣል፣ «ፍ» ሲሉ ምራቅ። አንድ ቀን ሱቅ ሄደው ሳሙና ሲጠይቁ ባለሱቁ ሦስት ጊዜ «ምን?» ብሏቸው፣ በመጨረሻ ሻማ ሰጣቸው። ሻማውን ይዘው ተመለሱ። መብራት አልጠፋ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው? ግን አራተኛ ጊዜ ከመናገር ሻማ መግዛት ቀሏቸዋል።

የሚኖሩበት ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቅለውታል። ዳቦ በሻይ ነክረው፣ ሙዝ በማንኪያ ደፍጥጠው፣ ሾርባ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ሲበሉ፣ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራሉ። ሌባ ፈርተው አይደለም፤ ሲያላምጡ አገጫቸው አፍንጫቸውን ሊነካ ሲወጣ ሰው እንዳያይ ነው። ልጃቸው፣ ያችው አንዲት ልጃቸው፣ ትደውላለች፤ ስልኩን እያዩት ይጮኻል፤ ጮኾ ሲያበቃ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው መልእክት ይጽፋሉ። የጡረተኛ ስብሰባ! እሷ ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ጥርሳቸው ከመነቀሉ ሳምንት በፊት ቤቷ ሄደው ሻይ ሲጠጡ፣ እሳቸው ምንም ሳይሏት ድንገት፣ «ቤታችን እኮ ጠባብ ነው አባዬ፣ እንጂ…» ብላ ነበር። ያልጠየቋትን ነው የመለሰችው። እሳቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው ስለ አየሩ አወሩ፣ እሷም ስለ አየሩ አወራች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጇን ስላልረገጡ፣ ተቀይመውኛል ብላለች። ጥርስ ነው ብሎ ለመንገር ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን ሳያስቡት አነሱት። «አባዬ፣ ስማኝ ብቻ» አለች ልጅቱ። «ቅዳሜ የባሌ እናትና አባት ከሩቅ ይመጣሉ። ከሠርጉ ወዲህ ቤቴን ሲያዩ መጀመሪያቸው ነው። ምሳ ሰባት ሰዓት ነው። በእሱ በኩል አራት ሰው ይቀመጣል፤ በእኔ በኩል ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ምን ብዬ ልቀመጥ? ካልመጣህ አባዬ፣ በእውነት ቆርጬ እተዋለሁ፤ ሁለተኛ አልደውልም።» ጋሽ ቀርቧል «እም» አሉ። እሺ ማለታቸው እንደሆነ ገባት። ጥርሱ የሚደርሰው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሺህ ብሩን ለኪራይና ለዳቦ የሚሆነውን እያስቀሩ ስድስት ወር አጠራቅመው፣ ልኬት የተወሰደ ዕለት ጨርሰው ከፍለዋል። ደረሰኙ «ሙሉ ክፍያ» ይላል። ስለዚህ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ጥርሳቸውን አድርገው፣ በሰባት ሰዓት ልጃቸው ጎን ቁጭ ብለው፣ አማቶቿን እንደ ሰው «እንዴት ሰነበታችሁ» ሊሉ ነው። ለሰባት ወር የተጠበቀች ቅዳሜ ናት።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ክፍሉ የጀሶና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አለው። መደርደሪያዎቹ ላይ በጀሶ የተቀዳ የሰው አፍ ተደርድሯል፤ በእርሳስ ስም ተጽፎበት፣ ላይኛው ታችኛው ላይ ተገጥሞ፣ አቧራ ለብሶ። ጥርስ ሠሪው አርባ ዓመት የሚሞላው፣ እጁ ንጹሕ፣ ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ሰው ነው፤ ሰዉ ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። አንድ ዘዴ አለው። ዋጋ የሚጠራው መስታወት ካሳየ በኋላ ነው። አስቀድሞ የነገረው ሰው ተቆጥቶ ይሄዳል፤ ጥርሱን አፉ ውስጥ አድርጎ ፊቱን ያየ ሰው ግን የትም አይሄድም። ይህን ማን እንዳስተማረው አይታወቅም፤ ምናልባት ሥራው ራሱ ነው።

«ይክፈቱ አባባ» አለና ላይኛውን ላንቃቸው ላይ ገጠመ፣ ታችኛውን ድዳቸው ላይ አስቀመጠ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። አንድ ቦታ ቆረቆራቸው፤ አውጥቶ በትንሽ ሞረድ ፋቅ ፋቅ አድርጎ መለሰው። «እስቲ ስድሳ ስድስት ይበሉ።»

«ስድሳ ስድስት» አሉ ጋሽ ቀርቧል።

ድምፃቸውን ሲሰሙት ደነገጡ። «ስ» ንጹሕ ሆና ወጣች። መስታወቱን ሲሰጣቸው ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ከንፈራቸው ቦታው ተመልሶ፣ ያ የፍርድ ቤት በር ላይ ይቆም የነበረው ሰውዬ ያያቸዋል። ዕንባቸው መጣ፤ ዋጡት። «ሰኔ፣ ሰማይ፣ ተሰማ» አሉ፣ ሌላም ሌላም አሉ። ጥርስ ሠሪው ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው፤ ለመጠበቅ ጊዜ አለው። ከዚያ ሰዓቱን የሚነግር ያህል ረጋ ብሎ፣ «እንግዲህ አባባ፣ ዕቃው በጣም ጨምሯል። አራት ሺህ ብቻ ይጨምሩና ይሂዱ፤ ከሌላው ሁሉ አምስት ነው የተቀበልኩት፣ ለእርስዎ ስል ነው» አለ።

ይህን ጊዜ ነው ጋሽ ቀርቧል የሆነ ነገር የመጣባቸው። ሰባት ወር የተጠራቀመ ቃል ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «በሕግ አምላክ!» አሉ፤ ጣውላው ግድግዳ ነዘረ። «ዋጋ ተናገርክ፣ ተስማማሁ። ከፈልኩ፣ ሙሉ ክፍያ ብለህ ፈረምክ። ከዚያ ወዲያ ዕቃ ቢጨምር የአንተ ነው፣ ቢቀንስም የአንተ ነው። ቢቀንስ ኖሮ ደውለህ ትመልስልኝ ነበር? ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ነው፤ የተጨረሰ ውል አንዱ ወገን ብቻውን ተነስቶ አይቀጥለውም።» እንዲህ አሳምረው ሲናገሩ ራሳቸውም ሰሙት። ጥርስ ሠሪው አልተቆጣም፣ አልተከራከረምም። ትሪውን ከፊታቸው አደረገና፣ «ሁሉም ከፍሏል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያስቸግሩኝ። ካልሆነ እንግዲህ ያውጡት» አላቸው።

ልብ በሉ፤ በሩ ክፍት ነበር። ከወንበሩ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ ሰውየው አፋቸው ውስጥ እጁን ከትቶ ሊቀማቸው አይችልም። ጥርሱ የእሳቸው ነው፣ አፉም የእሳቸው ነው፣ ደረሰኙም ኪሳቸው ውስጥ ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን «ተነሱ» ሲባል የተነሳ፣ «ውጡ» ሲባል ያስወጣ ሰው፣ ረጋ ብሎ ሲያዙት እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ጋሽ ቀርቧል ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው መጀመሪያ ታችኛውን፣ ከዚያ ላይኛውን አወጡና በምራቅ እንደራሰ ትሪው ላይ አስቀመጡት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ! ሰውየው በጨርቅ አድርቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ ቆለፈው። ጋሽ ቀርቧል ክርክራቸውን ሊቀጥሉ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ሕጉም ውሉም ንፋስ ሆኖ ወጣ። «አልሰማሁዎትም አባባ» አለ ጥርስ ሠሪው፤ እውነቱን ነው፣ አልተሰማም።

በደረት ኪሳቸው የወሩ ኪራይ አለ፤ አራት ሺህ ሦስት መቶ። ጣታቸው ሄዶ ነካው። ከፍሎ፣ ገጥሞ፣ በሰባት ሰዓት ልጅ ጎን መቀመጥ ይቻላል፤ ለአከራይዋ የሚባል አይጠፋም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንኳ ተብሏል። እጃቸው ግን ብሩን ይዞ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ በኋላ ለራሳቸው ማስረዳት አቃታቸው፤ ኩራት ነው እንዳይሉ ጥርሳቸውን በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጥተዋል፣ ስስት ነው እንዳይሉ ለገንዘብ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ብቻ አልወጣም። ሲወጡ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ሽማግሌ ብሩን አጥፎ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አንገቱን ደፋ።

የሸማቾች አቤቱታ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። ከረጅም ኮሪደር መጨረሻ አንዲት ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ወንበር ተገልብጧል። ጋሽ ቀርቧል ነገራቸውን ጀመሩ። ልጅቷ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደገና አስጠጋች። «አባት፣ ይቅርታ፣ አልገባኝም። አብሮዎት የሚናገር ሰው የለዎትም?» አለች። ጋሽ ቀርቧል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለኝም የለኝምም ሊሆን ይችላል። ወረቀትና ብዕር ሰጠቻቸው። ጻፉ፤ ያ የድሮ የመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ወታደር የቆመ። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችውና አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«አፍዎ ውስጥ ገብቶ ነበር?»

ነቀነቁ።

«ልክዎ ሆነ?»

ነቀነቁ።

«ታዲያ ለምን አወጡት? አፍዎ ከገባማ ተረክበዋል እኮ አባት። ዝም ብለው ቢወጡ እሱ ይክሰስ ነበር እንጂ!»

ይህን ከእሷ በፊት ያውቁታል፤ ደረጃውን ሲወጡ በየእርከኑ ለራሳቸው ሲሉት ነበር። ብዕሩን አነሱና «አውጣ ስላለኝ» ብለው ጻፉ። ልጅቷ ያቺን መስመር ረዘም አድርጋ አየቻት። ከዚያ ስልክ አንስታ ለጥርስ ሠሪው ደወለች፤ ጠንከር ብላ ነው የተናገረችው፣ ሴት ልጅ ለገዛ አባቷ ስትሟገት እንኳ እንደዚያ አትናገርም። ሰውየው ከወዲያ ሲመልስ አዳመጠችና ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ «ከፈለጉ አሥራ ሁለት ሺህዎን ልመልስ ይላል» አለቻቸው። ጋሽ ቀርቧል በአሥራ ሁለት ሺህ ዛሬ ሌላ ቦታ የላይኛውን ብቻ እንኳ እንደማያሠሩበት ያውቃሉ። ጻፉ፤ «ብር አያኝክልኝም። ጥርሴን ይስጠኝ።» ልጅቷ ሳቀች፣ ሳቋን ይዛ ለሰውየው «አይፈልጉም» አለችው። በወረቀቱ ላይ ቁጥር ጻፈችበት፣ ማኅተም መታችበት። «ያለጥርጥር መብትዎ ነው። ዋጋ ተስማምተው ከፍለዋል፤ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ሰኞ በሦስት ሰዓት ተቆጣጣሪው ይገባል፣ ይጠራዋል፣ ይሰጥዎታል። ዛሬ ግን እኔ ብቻዬን ሄጄ መሳቢያ አልሰብርም።» እውነቷን ነው። ሰኞ የሚደርስ መብት ለቅዳሜ ምሳ ምን ያደርጋል? ላም አለኝ በሰማይ ነው። ግን ደግ ልጅ ናት፤ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው።

ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ያለችው ጊዜ ከሰባቱ ወር ሁሉ ረዘመች። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት አውቶቡስ አለፋቸው። ወደ ክፍላቸው የሚሄደው በግራ፣ ወደ ልጃቸው የሚሄደው በቀኝ ነው። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ሊጽፉ ስልኩን አወጡ፤ «ስ» ላይ ቆሙ፤ መልሰው ከተቱት። ባዶ ወንበር ታያቸው። አራት ሰው በወዲያ በኩል፣ እሷ በወዲህ በኩል ብቻዋን፣ ከጎኗ ሰሐንና ሹካ፣ ሰው የለም። ሦስተኛው አውቶቡስ በቀኝ በኩል ሲመጣ ተነሱ። ሲወርዱ ማዕዘን ላይ ፍራፍሬ ገዙ፤ ለእንግዶቹ የሚሆን ፖም ሊሉ እጃቸው በልማድ ሙዝ አነሳ።

በሩን ልጅቱ ራሷ ከፈተች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። መጀመሪያ ፊቷ በራ፣ ቀጥሎ ቅሬታዋ ትዝ አላት መሰለኝ ጠቆረ፤ እሳቸው ግን ስላዩዋት ደስ ብሏቸው ሳያስቡት ሳቁ። አፋቸው ተከፈተ። ልጅቱ አንድ እርምጃ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ደረጃው ላይ ቆሙ። «መቼ ነው?» አለች በሹክሹክታ። ጋሽ ቀርቧል ሰባት ጣት አሳዩ። «ሰባት ቀን?» ራሳቸውን ወዘወዙ። ልጅቱ ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ያላነሱት ስልክ፣ ስብሰባው፣ ስለ አየሩ ያወሩበት ቀን፣ ሁሉም ፊቷ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ ይታያል። «እኔ እኮ…» ብላ ተወችው። እሳቸው ደረሰኙንና ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥተው ሰጧት፤ አነበበች፤ ወረቀቱን ስትመልስ ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል፣ ግን የንዴትም ነበረበት።

«አራት ሺህ አልነበረህም?»

ደረታቸውን ነካ አደረጉ። ነበራቸው።

«ታዲያ ለዛሬ እንኳ? ለእኔ ስትል እንኳ አትከፍለውም ነበር?»

«ከፍያለሁ እኮ» አሉ። እሷ ገባት፤ ልጅ ናትና የአባቷን ንፋስም ትሰማለች። መልስ ግን አልሆናትም። ለእሳቸውም መልስ አልሆነም። ከውስጥ የባሏ አባት ጎርናና ሳቅ መጣ። ልጅቱ እጃቸውን ያዘችና በሳሎኑ በኩል ሳይሆን በኮሪደሩ በኩል አድርጋ ወጥ ቤት አስገባቻቸው፤ ሾርባ ቀዳች፣ ዳቦውን ልቡን ብቻ ቆረሰችላቸው፣ የዕቃ መጥረጊያውን ፎጣ ጭናቸው ላይ ዘረጋች። «እዚህ ተረጋግተህ ብላ አባዬ። ሰው ፊት ከምትጨነቅ… እ? በኋላ ሲሄዱ ወጣ ብለህ ራስህን ነቅነቅ ብታደርግላቸው ይበቃል።» ክፉ አልነበረችም። የምትለው ነገር እንኳ ሰባት ወር ለራሳቸው ሲሉት የኖሩት ነው፤ ከእሷ አፍ ሲሰሙት ግን ሌላ ሆነባቸው። ልጅቱ የተጠበሰውን ዶሮ ትሪ ይዛ በትከሻዋ በሩን ገፍታ ሳሎን ገባች።

ወጥ ቤቱ ንጹሕና ጠባብ ነው፤ እውነትም ቤቷ ጠባብ ነው። ጋሽ ቀርቧል ድንች በሚላጥበት አጭር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። የሹካና የሰሐን ድምፅ ይሰማል። የሚያኝኩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። የባሏ እናት ቀስ ባለ፣ ቅን በሆነ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አባትሽስ? ዛሬ እንተዋወቃለን ብለን ነበር እኮ» ስትል ሰሙ። ማንኪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ «አሟቸው ነው የቀሩት» አለች ልጅቱ። «ይቅርታ ጠይቂልኝ ብለዋል።»

«ውይ፣ እግዜር ይማራቸው» አለች ሴትዮዋ።

ጋሽ ቀርቧል ማንኪያውን ሳህኑ ጎን አስቀመጡ። የወጥ ቤቱ የኋላ በር ደረጃው ላይ ያወጣል፤ ቢሄዱ ማንም አይሰማም፣ ውሸቷም እውነት ሆኖ ይቀራል። ለልጃቸው ብለው ብዙ ነገር አድርገዋል፤ ይህንንም ማድረግ አያቅታቸውም። ግን ከበሩ ማዶ ልጃቸው ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ እሷም ይህን እያወቀች እንግዶች ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ከልጅነቷ ያውቋታልና እንዴት እንደተቀመጠች ሳያዩ ያዩዋታል። ቀስ ብለው ተነሱ። ፎጣውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ። የሾርባ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። በሩን በትከሻቸው ገፉት።

ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ በወዲያ በኩል አራት ሰው፣ በወዲህ በኩል ልጃቸው። ፊቷ እንደ ጀሶ ነጣ፤ አሁን ውሸቷ አደባባይ ወጣ፣ አማቶቿ ፊት ተዋረደች። ጋሽ ቀርቧል ሳህናቸውን ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጡ። አንድ በአንድ አዩዋቸው፣ አፋቸውን በእጃቸው ሳይሸፍኑ።

«ተሽሎኛል» አሉ።

ንፋስና ምራቅ ሆኖ ነው የወጣው። የባሏ አባት ጆሮውን አቅንቶ፣ «ይቅርታ፣ ምን አሉ?» ብሎ ወደ ልጅቱ ዞረ። ልጅቱ አባቷን አየች።

«ተሽሎኛል ነው የሚሉት» አለች። ከዚያ ተነስታ ወንበሩን ሳበችላቸው።